ነብር መጣ ለማለት የሚያበቃ ዲፕሎማ

ተረት ተረት ብያለሁ። «የላም በረት» ብላችሁ ከመመለሳችሁ በፊት ግን ተነሱና በረቱን ዝጉት። የዛሬው ተረት ውስጥ ነብር አለበት፤ ነብር ደግሞ ክፍት በር ካየ አያልፍም።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ሸንጎ ተቀምጠው ቃለ ጉባኤ በሚይዙበት ዘመን፣ ዋንዛ በር የሚባል ጫካ ነበር። በጫካው መካከል አንድ ኩሬ፣ ከኩሬው ዳር አንድ ትልቅ ዋርካ ነበር። እንስሳቱ ውኃ ሲጠጡ ጦጣ ዋርካው ላይ ወጥታ ትጠብቃቸዋለች። ሥራዋ ብዙ አፍ አይጠይቅም። ነብር ስታይ «ቃ!» ትላለች። ያን ጊዜ ዛፍ መውጣት የሚችል ይወጣል፤ እግር ያለው ይሮጣል፤ ኤሊም እዚያው እቤቷ ትገባለች። ለንስር ሌላ ድምፅ፣ ለእባብም ሌላ ድምፅ ነበራት። ይህን ሁሉ የጦጣ ልጅ ከእናቷ ጀርባ ሳትወርድ ትማረዋለች። ክፍያ የለውም። ፈተናውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የወደቀ አይደግምም።

ይህ አሠራር ለብዙ ዘመን ደህና ሆኖ ቆየ። የተበላሸው ነብር ቅር ያለው ቀን ነው።

ጌታ ነብሮ አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ፣ ጭራውን ዝቅ አድርጎ ሸንጎው ፊት ቀረበ። ሁሉንም በየስማቸው እየጠራ «እንደምን ሰነበታችሁ» አለ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠራረገና ሐዘኑን ተናገረ።

«ወገኖቼ፣ እኔ ሥጋ ካቆምኩ ቆየሁ። አሁን የምኖረው በምክር ነው። ነገር ግን ወደ ኩሬው ብቅ ባልኩ ቁጥር አንዲት ጦጣ "ቃ!" ብላ ትጮህብኛለች። ስም የለኝም? ማዕረግ የለኝም? እንዲህ ያለ ጩኸት ከሰለጠነ ጫካ ይጠበቃል? ነገ እንግዳ ቢመጣ ምን ይለናል?»

ሸንጎው አፈረ። እንግዳ ምን ይለናል ከተባለ የዋንዛ በር እንስሳ የማይቀበለው ነገር የለም። የሸንጎው ሰብሳቢ አያ ዝንጀሮ ነበር። አያ ዝንጀሮ ፊቱን እንጂ ጀርባውን ለሕዝብ ማሳየት አይወድም፤ ስለዚህም ከወንበሩ አይነሳም። እዚያው እንደተቀመጠ እጁን አወጣ።

«ጌታ ነብሮ እውነት ተናገሩ» አለ። «ልጆቻችን መሮጥ ይችላሉ፤ መናገር ግን አይችሉም። ነገ የሥራ ዓለም ሲጠራቸው በምን አፋቸው ነው አቤት የሚሉት? አባቶች "ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል" ብለዋል።»

ኤሊ ከወደ ኋላ አንገቷን አወጣች። «እስከ ዛሬ "ቃ" ሲባል ያልገባው ማን ነው?» ብላ ጠየቀች።

«አስተያየትሽ ተመዝግቧል» አላት አያ ዝንጀሮ። በሸንጎ ቋንቋ ዝም በይ ማለት ነው። ኤሊም ገብቷት አንገቷን መለሰች።

በዚሁ የተግባቦት ክህሎት ትምህርት ቤት እንዲከፈት ተወሰነ። ጌታ ነብሮ ከደስታው ብዛት የመቀመጫ ምንጣፍ እሱ እንደሚችል ቃል ገባ፤ ቃሉንም ጠበቀ። ለስላሳ ለስላሳ ቆዳ አምጥቶ በየመቀመጫው አነጠፈ። የማን ቆዳ እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። ሁሉም ግን ሲቀመጥበት «አይ ምቾት!» አለ።

አስተማሪ ሆኖ የተቀጠረው በቀቀን ነው። በቀቀን ከተማ ኖሮ የመጣ ወፍ ነው። አንድ ባለሥልጣን በረንዳ ላይ በሽቦ ቤት ተሰቅሎ፣ ጌትዬው በየማለዳው መስተዋት ፊት ንግግር ሲለማመድ እየሰማ አደገ። «እንደሚታወቀው»ን፣ «ከዚህ አንጻር»ን፣ «ባለድርሻ አካላት»ን የለቀመው ከዚያ ነው። አንድ ቀን የሽቦ ቤቱ በር ሳይዘጋ ቀረ። በቀቀን ታዲያ ወዲያው አልበረረም። «በሩ ክፍት መሆኑ ይታወቃል» እያለ ቀኑን ሙሉ ሲናገር ውሎ፣ አመሻሹ ላይ ነፋስ ገፍቶ አወጣው። ጫካ ሲደርስ ግን «ትምህርቴን ጨርሼ ተመለስኩ» ነበር ያለው።

እንግዲህ የዚህ ተረት ባለቤት ፈጠነች የምትባል የጦጣ ልጅ ናት። እናቷ እመት ጦጢት በዋርካው ላይ ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀች፣ አሁን ዓይኗ የደከመ ጦጣ ነበረች። የእናት ነገር ሆኖባት ልጇ ከእሷ የተሻለ ቦታ እንድትደርስ ትመኝ ነበር። ስለዚህ ከቤተሰቡ ሀብት ሁሉ የሚበልጠውን፣ ክረምት ከበጋ የሚያፈራውን የሾላ ቅርንጫፏን ለትምህርት ቤቱ ሰጥታ ፈጠነችን አስመዘገበች።

«ልጄ» አለቻት፣ «እኔ ሁለት ሦስት ድምፅ ብቻ ይዤ ኖርኩ። አንቺ ብዙ ቃል ይኑርሽ። ዋርካው ላይ ዲፕሎማ ይዘሽ ሳይሽ ያን ጊዜ ብሞትም አይቆጨኝም።»

ትምህርቱ ተጀመረ። በቀቀን ቅርንጫፍ ላይ ቆሞ ክንፉን ከኋላ አጣምሮ ይመላለሳል።

«ተማሪ ፈጠነች! ጎረቤትሽ ቤት እሳት ተነስቷል። ምን ትያለሽ?»

«እሳት! እሳት!»

«ዜሮ! ይህ ጩኸት እንጂ ተግባቦት አይደለም። እንዲህ ነው የሚባለው፤ "ክቡራን ጎረቤቶቼ፣ በቅድሚያ ይህን ዕድል ስለሰጣችሁኝ እያመሰገንኩ፣ እንደሚታወቀው ከሙቀት ጋር በተያያዘ አንድ ተግዳሮት ተከስቷል።" ድገሚ።»

ፈጠነች ደገመች። ብልህ ልጅ ነበረች፤ የሰጧትን ሁሉ ትይዛለች። ጭራ ሲናገሩ ወዴት እንደሚታጠፍ፣ ትልቅ ከትንሽ በምን ተራ እንደሚጠራ፣ መጥፎ ወሬ ከስንት ጥሩ ወሬ በኋላ እንደሚነገር ተማረች። ችግሩ አንድ ብቻ ነበር። ስትደነግጥ «ቃ» የሚለው ከሆዷ ተነስቶ ጉሮሮዋ ላይ ይደርሳል። በቀቀን ለዚህም መድኃኒት ነበረው። «ዋጪው» ይላታል። ፈጠነችም መዋጥ ተማረች።

ከትምህርት ስትወጣ ዛፉ ሥር የምትጠብቃት ጓደኛዋ እልፌ ናት። እልፌ ሚዳቋ ነች፤ ጎኗ ላይ የተበተነ ወተት የምትመስል ነጭ ምልክት አለቻት። ፈጠነች እዚያች ነጭ ቦታ ላይ መዥገር እየለቀመችላት፣ የዕለቱን ትምህርት በቃሏ ትወጣላታለች። እልፌ ከቃላቱ ግማሹ አይገባትም። ግን ጆሮዎቿን ወደ ጓደኛዋ ቀና አድርጋ እስከ መጨረሻው ትሰማለች።

«ሲያምርብሽ!» ትላለች። «እኔ እኮ አንቺ ስትናገሪ ሌላ ነገር አይሰማኝም።»

የምረቃው ዕለት ፈጠነች አንደኛ ወጣች። ዲፕሎማውን በእጁ የሰጣት ጌታ ነብሮ ነው፤ እጇን ጨብጦ ትንሽ ቆየ። በዚያው ቀን ሸንጎው ለኩሬው አዲስ ደንብ አወጣ። ጠባቂዋ ስትናገር ጠጪ ሁሉ መጠጣቱን ትቶ፣ ፊቱን ወደ ዋርካው አዙሮ፣ «አመሰግናለሁ» እስክትል ድረስ ሳይነቃነቅ ይሰማል። በመሃል የተነሳ ባለጌ ነው። በቀቀን ይህን «ንቁ አድማጭነት» ብሎ ሰየመው።

ፈጠነች ሥራ የጀመረች ጠዋት ኩሬው ዳር የተሰበሰበው ሰው ቢሆን ሠርግ ይባል ነበር። አያ ዝንጀሮ ወንበሩን አስይዞ መጥቷል። እመት ጦጢት አንገቷ ላይ አበባ አሥራ ከፊት ቆማለች። እልፌ ከሁሉም ዳር፣ ከሣሩ ጠርዝ ላይ፣ ጓደኛዋ በደንብ የምትታይበት ቦታ መርጣ ውኃ ትጠጣለች።

ፈጠነች ከዋርካው ጫፍ ቁልቁል አየች። ሣሩ ተነቃነቀ፤ ነፋስ ግን አልነበረም። በሣሩ መሃል ዥንጉርጉር ጀርባ በደረቱ እየተሳበ ነው። ምክሩን ትቶ ወደ ድሮ ሥራው የተመለሰ ጌታ ነብሮ ነበር።

«ቃ!» የሚለው ከሆዷ ተነሳ። ጉሮሮዋ ላይ ደረሰ። ከታች እናቷ በስስት እያየቻት ነበር። የሾላው ቅርንጫፍ ትዝ አላት። ዋጠችው።

«ክቡር አያ ዝንጀሮ፣ የዋንዛ በር ሸንጎ ሰብሳቢ!» ብላ ጀመረች።

ጠጪው ሁሉ ቀና አለ። ፊቱን ወደ ዋርካው፣ ጀርባውን ወደ ሣሩ አዞረ። እንዴት ያለ ጨዋ ሕዝብ ነበር!

«ክቡር መምህር በቀቀን! ክቡራን ባለቀንዶች፣ ክቡራት ባለክንፎች! በቅድሚያ ይህን ዕድል ስለሰጣችሁኝ ያለኝን ልባዊ ምስጋና...» ፈጠነች በቻለችው ሁሉ ፈጠነች። ቃላቱን እያጋጨች፣ ማዕረጉን እያንከባለለች ተናገረች። ግን ፕሮቶኮል አቋራጭ የለውም። በቀቀን ከቅርንጫፉ ላይ «ቀስ፣ ቀስ» እያለ በክንፉ ምልክት ያሳያታል። እሷም ዓይኗን ሣሩ ላይ ተክላ፣ ጣቷን ወደ ሣሩ ዘርግታ «እንደሚታወቀው ጫካችን በሰላምና በመከባበር...» አለች። ጣት መጠቆም ለንግግር ግርማ ይሰጣል ተብለው ስለተማሩ ሁሉም ጣቷን አደነቁ፤ ጣቷ ወዳመለከተው የዞረ አንድም አልነበረም።

እልፌ ጆሮዎቿን ቀና አድርጋ ነበር። ፈገግ ብላለች።

«ከዚህ አንጻር ወደ ዛሬው ርዕሰ ጉዳይ ስመለስ፣ ከነብር ጋር በተያያዘ...» ስትል እልፌ የቆመችበት ቦታ ባዶ ሆነ። ሣሩ ትንሽ ተወዛወዘና ቀጥ አለ። ፈጠነች ምን እንደምትል ሳታውቀው «አመሰግናለሁ» አለች። ጭብጨባው ኩሬውን አናወጠው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ሸንጎው በማግስቱ ለግምገማ ተቀመጠ። በመጀመሪያ ለሚዳቋ እልፌ የኅሊና ጸሎት ተደረገ። ጌታ ነብሮም ተነስቶ ቆመ። ከሁሉም ይበልጥ አንገቱን የደፋው እሱ ነበር፤ የጠገበ አንገት ይከብዳል።

«እኔ አይቻለሁ» አለች ፈጠነች እያለቀሰች። «የበላት ነብር ነው! እዚህ የተቀመጠው...»

«ተማሪ ፈጠነች» ብሎ አቋረጣት በቀቀን። «እንዲህ አይባልም። "አንድ ባለድርሻ አካል" ነው የሚባለው። ደግሞም አስተያየት የሚሰጥበት ሰዓት ገና ነው።»

ሰዓቱ ሳይደርስ ግምገማው አለቀ። ንግግሩ እጅግ የተዋጣ እንደነበር፣ አድማጩም ለዋንዛ በር ክብር የሚመጥን ጨዋነት እንዳሳየ ተመሰከረ። እንደ ክፍተት የተነሳው ተናጋሪዋ መሃል ላይ መቸኮሏ ብቻ ነው። በዚህም መሠረት ፈጠነች ሜዳሊያ እንድትሸለም፣ ከዚያም በላይ ለታናናሾቿ ረዳት መምህርት ሆና እንድትሾም ተወሰነ። የሽልማቱ የክብር እንግዳ ማን ይሁን ሲባል ሁሉም ወደ ጌታ ነብሮ ዞረ። እሱም «ካላችሁማ» አለ።

ፈጠነች ቤቷ ገብታ እህል አልቀምስ አለች። እናቷ ፍሬ ብታቀርብ፣ ሙጫ ብታቀርብ ፊቷን አዞረች።

«እማዬ፣ ጉሮሮዬ ላይ የተቀረቀረ ነገር አለ።»

«ምን በልተሽ ነው? ወለላ ማር ላምጣልሽ?»

«ምግብ አይደለም። ያን ቀን የዋጥኩት ነው። ለእልፌ የነበረ ነው።»

እመት ጦጢት ሙጫውን ወደ ጎን አደረገች። ከዚያ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠችና ጠጉሯን ትዳብሳት ጀመር።

«እኔም እኮ እዚያው ነበርኩ» አለች። «ዓይኔ ቢደክምም አፍንጫዬ ደህና ነው፤ ሽታው ገብቶኝ ነበር። ግን አንቺ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ስትናገሪ ሳይ ኩራት አሰከረኝና ዞር ማለት ነውር መሰለኝ። ልጄ፣ በነፃ ያስተማርኩሽን ሾላዬን ከፍዬ አስረሳሁሽ።»

«አልረሳሁትም እማዬ። ዋጥኩት እንጂ።»

«የተዋጠ ካልተፈጨ ይወጣል» አለች እናት። ሁለቱም ያለቅሱ ነበር።

የሽልማቱ ቀን ደረሰ። ሜዳው በወንበር ተሞላ። ተማሪዎቹ ጭራቸውን በትምህርቱ መሠረት አጥፈው ተደረደሩ። አያ ዝንጀሮ መሃል ተቀመጠ። ከጎኑ ለክብር እንግዳው የተዘጋጀ ወንበር ነበር፤ ጌታ ነብሮ ራሱ ያመጣው አዲስ ምንጣፍ ተነጥፎበታል። ንግግር ተደረገ፤ ከዚያ ስለ ንግግር ንግግር ተደረገ። አህያ ቆማ አንቀላፋች። በመጨረሻ ፈጠነች ተጠራች።

ሜዳሊያውን ለመቀበል ወደ ክብር እንግዳው ስትጠጋ ዓይኗ ምንጣፉ ላይ አረፈ። ቡናማ ነው። ከጌታ ነብሮ ጭን ሥር፣ ጠርዙ ላይ፣ የተበተነ ወተት የምትመስል ነጭ ምልክት ትታያለች። ያቺን ቦታ ጣቷ ያውቃታል።

«እንግዲህ» አለ በቀቀን፣ «ምርጧ ተማሪያችን የምስጋና ንግግር ታደርግልናለች። ሙሉ ንቁ አድማጭነት ይሰጣት።»

ሕዝቡ ጸጥ አለ። ፈጠነች ወደ መናገሪያው ድንጋይ ወጣች። ሜዳሊያው አንገቷ ላይ ከበዳት። አያ ዝንጀሮን አየች፤ ማዕረጉን ይጠብቃል። በቀቀንን አየች፤ ከንፈር ቢኖረው አብሯት ያነበንብ ነበር። ከኋላ የተቀመጠች እናቷን አየች። እመት ጦጢት በዚያ ሁሉ ተመልካች መሃል አበባዋን ከአንገቷ ፈታ መሬት ጣለችና ጭራዋን ለሩጫ አነሳች። ፈጠነች ደረቷን ሞልታ ተነፈሰች።

«ቃ!!»

እንግዲህ ምን ልንገራችሁ! አያ ዝንጀሮ ከወንበሩ ሲነሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ፤ ጀርባውንም ሕዝብ ሁሉ አየው። «ክቡር» አላለም፤ «ክቡራት» አላለም፤ ከሁሉም ቀድሞ ዋርካው ላይ ወጣ። በቀቀን «እንደሚታወቀው» ሳይል በረረ። ሜዳው ላይ ሲያጨበጭቡ የዋሉት ተማሪዎች ያጠፉትን ጭራ ዘርግተው በየዛፉ ተሰቀሉ። አህያ ነቅታ ወንዙን ተሻገረች። ኤሊ እቤቷ ነበረች። ምን ማለት ነው ብሎ የጠየቀ፣ ይብራራልኝ ያለ፣ በማዕረጌ ጥሪኝ ያለ አንድ ፍጥረት አልተገኘም። ሜዳው እንዲህ በአንድ ጊዜ ተግባብቶ አያውቅም።

ፈጠነችም ከእናቷ ጎን ቅርንጫፍ ላይ ደርሳ ነበር።

አያ ዝንጀሮ ትንፋሹ ሲመለስ መቆጣት ጀመረ። «አንቺ ልጅ!» ብሎ ከላይ ጮኸ። «በሽልማት ቀን ታስደነግጭናለሽ? ነብሩ የታለ? የት ነው የመጣው?»

«አያ ዝንጀሮ» አለች ፈጠነች፣ «እኛ ሁላችን እዚህ ነን። ሜዳው ላይ ማን ቀረ?»

ሁሉም ቁልቁል አየ።

ባዶ ወንበሮች ተደርድረዋል። በመካከላቸው አንድ ብቻውን፣ የእልፌ ቆዳ ላይ እግሩን አጣምሮ፣ ጌታ ነብሮ ተቀምጧል። ከእሱ በቀር ለመሸሽ ምክንያት ያጣ አልነበረም። እንስሳቱም ለስላሳ ወንበሮቻቸውን አንድ በአንድ አዩ፤ አሁን የትኛው ቆዳ የማን እንደሆነ እየለዩ ነበር። ጅግራ ለቅሶ ጀመረች፤ ድኩላም ከወንዙ ማዶ «እናቴ!» አለ።

ጌታ ነብሮ ዙሪያውን ቃኘ። በእጁ የቀረውን የሜዳሊያ ሳጥን ዘጋና እያዛጋ ተነሳ።

«አይ የድካሜ ዋጋ!» አለ በምሬት። «ይህን ሁሉ ትምህርት አስተምረናት፣ ማዕረጌን እንኳ ሳትጠራ?»

እመት ጦጢት ከዛፉ ላይ አንገቷን ዘረጋች።

«የለም ጌታዬ፣ ዛሬ ገና አስተካክላ ጠራችው» አለችው። «ማዕረግዎ እሱ ነው።»

እኔ ተረቴን በዚሁ ጨረስኩ። ዳቦው ለእናንተ ይሁን። በረቱን ግን እንደተዘጋ ተዉት።